«እኔ ጋ ይከፍታል» ለእድራችን አልበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኮዲንግ የምትጽፉትን ዘልዬ አላውቅም። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህማ የሰፈሬ ልጆች ሰርተፍኬታቸውን ቴሌግራም ላይ ሲለጥፉ ነው የማየው። እሰየው ነው። እኔም ድረ ገጽ መሥራት የተማርኩት ዘግይቼ፣ ማታ ማታ ከሥራ መልስ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጬ ነው። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጁ ድረ ገጹን ሠራ እንበል። ላፕቶፑ ላይ ከፍቶ አሳየን፣ አጨበጨብን። ከዚያስ? እኔ በስልኬ፣ አክስቴ በስልካቸው፣ ሜሪላንድ ያለው ዘመዴ በስልኩ እንዲያዩት ምን ማድረግ እንዳለበት ማን ነገረው?

እኔን ማንም አልነገረኝም። ያየሁትን አሳር ልንገራችሁና ፍረዱ።

ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምኖረው ሳሪስ ነው። የእድራችን መዋጮ የሚመዘገበው በአንድ ረጅም ሰማያዊ ደብተር ላይ ነው፤ ደብተሩን የሚይዙት ገንዘብ ያዣችን ከደብተሩ ጋር ተኝተው ከደብተሩ ጋር የሚነሱ እናት ናቸው። ችግሩ ለብዙዎቹ አባላት የሚከፍሉት ውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸው መሆናቸው ነው። በየወሩ ከአሜሪካም ከዱባይም ይደወላል። «የእናቴ ደርሷል?» «የስንት ወር ቀረባቸው?» እሳቸው መነጽር ፈልገው፣ ደብተሩን ገልጠው፣ መስመሩን በጣታቸው ተከትለው እስኪያገኙት ስልኩ ይቋረጣል። እኔ አፈኛው «ይሄማ ቀላል ነው፣ ድረ ገጽ እሠራላችኋለሁ» አልኩ። በሁለት ወር ሠራሁት። ስም ትመርጣለህ፣ የተከፈለው ወር አረንጓዴ፣ ያልተከፈለው ቀይ ሆኖ ይመጣል። ቆንጆ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ለምን ከራስህ ላፕቶፕ አታሳያቸውም የሚል ይኖራል። አይሆንም። በሞባይል ኢንተርኔት ስትጠቀም ብዙ ጊዜ የራስህ የሆነ የውጭ ቁጥር (አይፒ የሚሉት፣ ኢንተርኔት ላይ የምትገኝበት አድራሻ) የለህም፤ ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ቁጥር ነው የምትወጣው። አንተ ወደ ውጭ ትሄዳለህ እንጂ ከውጭ የመጣ ሰው አንተን ለይቶ አያገኝህም። መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ደግሞ አልነግራችሁም። ስለዚህ ክላውድ ላይ ቨርቹዋል ማሽን ተከራየሁ። ደመና ስለሚሉት የሚያስፈራ ነገር አይምሰላችሁ፤ የሰው አገር አዳራሽ ውስጥ ከቆመ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ተቆርሶ የተሰጠ ቁራጭ ነው። የእኔ ትንሹ ነው፣ 1 ጊጋባይት ሚሞሪ፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ኡቡንቱ የሚባል ሲስተም የተጫነበት። የከፈለልኝ ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ በካርዱ ነው። በዶላር የሚከፍል ካርድ ጉዳይ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ስለሚፈልግ ለሌላ ቀን ይቆየን።

እሑድ መጣ። የእድሩ አዳራሽ ሞልቷል። የማሽኑን ቁጥር በትልቁ ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይጽፋል። የእድሩ ዳኛ ስልካቸውን ራቅ አድርገው ይዘው ትንሽ ጠበቁና «ልጄ፣ የእኔ ይዞራል» አሉ። ከኋላ አንዱ «የእኔም ይዞራል» አለ። የሁሉም ይዞር ነበር። እኔ በላቤ ተጠምቄ «ኧረ እኔ ጋ ይከፍታል!» እያልኩ ላፕቶፔን እንደ ሥዕል ከፍ አድርጌ አሳያለሁ። ገንዘብ ያዣችን ምንም አላሉም። ቦርሳቸውን ከፍተው ሰማያዊውን ደብተር አወጡ።

ያን ቀን ማታ ነው እውነተኛው ትምህርት የጀመረው።

የመጀመሪያው ስህተቴ የሚያሳፍር ነው። የለጠፍኩት ቁጥር በ10 የሚጀምር ነበር። ማሽኑን ራሱን «አድራሻህ ስንት ነው?» ብዬ ጠይቄ የነገረኝን ነው የጻፍኩት። ለካ ማሽኑ የሚያውቀው የውስጥ ቁጥሩን ብቻ ነው። የመሥሪያ ቤት ኤክስቴንሽን በሉት፤ 204 ብለህ ከሒሳብ ክፍል ለግዥ ክፍል ትደውላለህ፣ ከቤትህ ሆነህ 204 ብትደውል ግን ማንም አያነሳም። በ10፣ በ192.168 እና ከ172.16 እስከ 172.31 ባሉት የሚጀምሩ ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ደንብ ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ ኢንተርኔት ላይ አይሄዱም። የውጭውን ቁጥር የምታገኘው ማሽኑ ውስጥ ሳይሆን የክላውዱ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ነው። ላፕቶፔ ላይ የከፈተልኝ ደግሞ ያው ላፕቶፔ ላይ ያለው የድሮው ቅጂ ነበር። ለዚህ ነው ከፍ አድርጌ ሳሳይ የነበረው።

ትክክለኛውን ቁጥር አስገባሁ። አሁንም ይዞራል። ይዞራል፣ ይዞራል፣ በመጨረሻ መልስ አጣሁ ብሎ ይተወዋል።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም፤ ሳልጠይቅ ባውቀው ኖሮ ሁለት ሌሊት የሚያተርፈኝ ነገር ይሄ ነው። ድረ ገጽ አልከፍት ሲል ሁሉም አለመክፈት አንድ አይነት አይደለም። ብሮውዘሩ ረጅም ጊዜ ዞሮ ዞሮ «ታይምድ አውት» ካለህ፣ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ጥያቄህን ዝም ብሎ የዋጠው አለ ማለት ነው። ጊቢ ሄደህ በሩን ትደበድባለህ፣ ዘበኛው ውስጥ ሆኖ ይሰማሃል፣ ግን «የለም» እንኳ አይልህም። ወዲያው፣ ሳይዞር፣ «ሪፊዩዝድ» ካለህ ግን ደስ ይበልህ። ብዙ ጊዜ ዘበኛውን አልፈሃል፣ ቤቱ በር ደርሰሃል፣ እዚያ በር ላይ ሰው አለመኖሩ ነው የተነገረህ። የመጀመሪያው በአብዛኛው የዘበኛው፣ ማለትም ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለው የፋየርዎል ጉዳይ ነው፣ ሁለተኛው የፕሮግራምህ። ይህቺን የምታህል ነገር እኔ የተማርኩበት ቦታ አልነገሩኝም፣ እኔም ስህተቱ ኮዴ ውስጥ ያለ መስሎኝ ደህናውን ኮድ ሳፈርስ አደርኩ።

የእኔ ይዞር ስለነበር ችግሩ ዘበኛው ነበር። ብዙዎቹ ትልልቅ የክላውድ ድርጅቶች ማሽን ሲሰጡህ ከማሽኑ ውጭ የራሳቸው ፋየርዎል አለ፤ በአብዛኛው አንተ ራስህ የምትገባበትን ፖርት 22 (ፖርት ማለት የማሽኑ ባለቁጥር በር ነው) ካልሆነ በቀር ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ዘግተው ነው የሚያስረክቡህ። ትክክል ናቸው። ክፈት ያላልከውን ለምን ይከፍቱታል? ድረ ገጽ የሚመጣው በፖርት 80 እና በ443 ስለሆነ እነዚህን ሁለቱን ለሁሉም ሰው ክፈት ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብህ።

እኔ ግን ምን አደረግኩ? ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠየቅሁ። አንዱ «ብሮ ምን አስጨነቀህ፣ ኦል ትራፊክ አድርገህ ለ0.0.0.0/0 ክፈተው» አለኝ። አምስት ሰው ላይክ አደረገለት። ከፈትኩት። 0.0.0.0/0 ማለት «ከዓለም ላይ ማንም» ማለት ነው፤ ኦል ትራፊክ ማለት ደግሞ «በየትኛውም በር»፣ በሮቹም እስከ 65,535 ይደርሳሉ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች።

ይባስ ብሎ አሁንም ይዞራል! ለካ ማሽኑ ውስጥም ሌላ ፋየርዎል አለ። ኡቡንቱ ላይ ዩኤፍደብልዩ የሚባለውን አንድ መመሪያ እያየሁ አስነስቼው ረስቼዋለሁ። ጊቢው ዘበኛ አለው፣ ቤቱም መቀርቀሪያ አለው፣ አንዱ ቢከፈት ሌላው አይከፈትም። እሱንም ከፈትኩ። ያኔ ነው ብሮውዘሩ ወዲያው «ሪፊዩዝድ» ያለኝ። ሌሊት 8 ሰዓት ነበር፤ ከደስታዬ ብዛት ብቻዬን አጨበጨብኩ።

በር ላይ ለምን ሰው ጠፋ? ፕሮግራሜ ያዳምጥ የነበረው 127.0.0.1 ላይ፣ ፖርት 5000 ላይ ነው። 127.0.0.1 ማለት «ራሴ» ማለት ነው፤ ከራሱ ማሽን ሌላ ማንንም አያስተናግድም። እንግዳው ደግሞ የሚመጣው በ80 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ፕሮግራሙን 0.0.0.0 ላይ (የመጣውን ሁሉ አስተናግድ እንደማለት) አድርጎ እንዳለ ለአደባባይ ይለቀዋል። አትልቀቁት። ኮድ ስንጽፍ የምንሞክርበት ትንሿ ሰርቨር ለመሞከሪያ እንጂ ለእንግዳ አልተሠራችም። እኔ ፊት ለፊት ኤንጂንኤክስ የሚባል ፕሮግራም አስቀመጥኩ። እሱ 80 ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል፣ ጥያቄውን ጓዳ ላለው ለ5000 ያቀብላል፣ መልሱን ይዞ ይመለሳል። ፕሮግራሜ ከጓዳ አልወጣም።

ተከፈተ። ሜሪላንድ ደወልኩ። «አረንጓዴ ነው!» አለኝ።

ጠዋት ቡና ይዤ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን መዝገብ ልይ ብዬ ስከፍት ግን ቡናው ቀዘቀዘብኝ። እድሩ ገና አልሰማም፣ አድራሻውን የማውቀው እኔና የአክስቴ ልጅ ብቻ ነን፣ መዝገቡ ግን መስመር በመስመር ተሞልቷል። የተጠቃሚ ስሙን ሩት ብሎ የሞከረ፣ አድሚን ብሎ የሞከረ፣ ቴስት፣ ኡቡንቱ፣ ፖስትግረስ። የይለፍ ቃል እየገመቱ ሌሊቱን ሙሉ በሬን ሲያንኳኩ አድረዋል። እኔን ጠልተውኝ አይደለም። ሰዎችም አይደሉም፣ ፕሮግራሞች ናቸው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ዚማፕ በሚባል መሣሪያ እንዳሳዩት፣ በአንድ ኮምፒውተርና በፈጣን መስመር አራት ቢሊዮን ገደማ የሆኑትን የተለመዱ የአይፒ ቁጥሮች አንድ በር ይዞ ማንኳኳት ከ45 ደቂቃ በታች ነው የሚፈጀው። ስለዚህ «ማን ያውቀኛል» የሚባል ነገር የለም። ቁጥር ካለህ ታውቀሃል።

ሁሉንም በር ስከፍት ደግሞ ዳታቤዙ (የመዋጮው መረጃ የተቀመጠበት) ያለበትን በር 3306ንም ከፍቼ ነው ያደርኩት። የይለፍ ቃሉ ምን እንደነበር አልነግራችሁም፣ ታፍሩብኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ሞንጎዲቢ የሚባለውን ዳታቤዝ ያለ ይለፍ ቃል ለዓለም ከፍተው የተውት ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው በኋላ አነበብኩ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዳታቤዝ ተጠርጎ፣ በምትኩ «ገንዘብ ላክ» የሚል መልእክት ተቀምጦ ነበር የጠበቃቸው። የእኛን እድር እግዜር ነው ያተረፈው፣ እኔ አይደለሁም። በዚያው ጠዋት 80ን እና 443ን ለሁሉም፣ 22ን ለእኔ ብቻ አድርጌ ሌላውን ከረቸምኩት።

«ለእኔ ብቻ» ያልኩትም ጣጣ አመጣ። 22 የሚከፈተው ከቤቴ ቁጥር ለመጣ ብቻ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ በሦስተኛው ቀን የቤቴ ቁጥር ተቀየረና ራሴን ውጭ ቆልፌ አገኘሁት። በመቆጣጠሪያው ገጽ በኩል ገብቼ ነው ያስተካከልኩት። እዚህ አገር ላለን፣ ቁጥራችን ዛሬ አንድ ነገ ሌላ ለሆነብን፣ የሚሻለው በይለፍ ቃል መግባትን ጨርሶ አጥፍቶ በቁልፍ ፋይል ብቻ መግባት ነው። ያን ካደረግክ ገማቹ ዓመት ቢያንኳኳ የሚገምተው ነገር የለውም። የቁልፍ ፋይሉን ግን ሌላ ቦታም አስቀምጡት። ላፕቶፕ ይሰረቃል።

የቀረውን በአጭሩ ላሳልፈው። ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ ማሽኑን ሌሊት አጥፍቼ ጠዋት ሳስነሳው የውጭ ቁጥሩ ተቀይሮ ጠበቀኝ፤ የማይቀየር ቁጥር ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ዋጋም አለው። አማዞን ለምሳሌ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የውጭ ቁጥር በሰዓት 0.005 ዶላር ያስከፍላል፣ በወር 3.60 ገደማ ማለት ነው። ቁጥሮቹ እያለቁ ስለሆነ ነው። ከዚያ የዶሜይን ስም (በቁጥሩ ፈንታ የሚጻፍ የድረ ገጽ ስም) ገዝቶ ከቁጥሩ ጋር ማያያዝ ይመጣል። በዶት ኢቲ የሚያልቀውን የሚሰጠው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ እኛ የአክስቴ ልጅ ካርድ አለና ዶት ኮም ገዛን። ከዚያ ደግሞ የቁልፏ ምልክት። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ያለ ሰርተፍኬት (የሥልጠናው ሳይሆን ግንኙነቱን የሚቆልፈው ማረጋገጫ) የሚከፈተውን ድረ ገጽ «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» ስለሚል አባላቱ ይደነግጣሉ። ሰርተፍኬቱን ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል አገልግሎት በነፃ ይሰጣል፣ 90 ቀን ያገለግላል፣ ሰርትቦት የሚባል ፕሮግራም በራሱ ያድሰዋል። እኔ አዋቂ መስዬ «443 ካለ 80 ምን ያደርጋል» ብዬ 80ን ዘግቼ ነበር። በእኔ አሠራር ሰርትቦት የጣቢያው ባለቤት እኔ መሆኔን የሚያስመሰክረው በ80 በኩል ስለሆነ እድሳቱ ተበላሸ። ከፍቼ ወደ 443 እንዲመራ ብቻ አደረግኩት።

የእድር ማስታወቂያና የስብሰባ ቀን ብቻ ለማውጣት የፈለገ ሰው ይህን ሁሉ አሳር አያስፈልገውም። ገጹ የማይቀያየር ከሆነ በነፃ የሚያስቀምጡለት አሉ፤ ማሽን ተከራይቶ ዘበኛ መሆን ለምኑ ነው? የእኛ የመዋጮ መዝገብ ስላለው ነው።

ስለ መዝገቡ ካነሳሁ አይቀር ትልቁን ስህተቴን የነገሩኝ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁት ገንዘብ ያዣችን ናቸው። ሁሉም ነገር ሠርቶ፣ ቁልፏ በርታ፣ በሚቀጥለው እሑድ አዳራሹ በሙሉ ከፍቶ እያየ እያለ እሳቸው ጠጋ ብለው በቀስታ «ይህን የሚያየው የእኛ ሰው ብቻ ነው?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ የትም አገር ያለ ሰው ያየዋል» አልኩ በኩራት። ስልኩን ከእጄ ወሰዱና አንድ ስም ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። የሰባት ወር ቀይ። ባለቤቷ የታመመባት ጎረቤታችን ናት። «ይቺ ልጅ የሰባት ወር እንዳለባት በዚህ ሰፈር የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነበርን» አሉ።

ምን ይመለሳል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መኖሩን እንኳ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ግን ሴትየዋ አዋጅ አልጠቀሱም፣ አላስፈለጋቸውምም። እዚያው ቁጭ ብዬ ማሽኑን አጠፋሁት። አሁን እያንዳንዱ አባል በስልክ ቁጥሩና በተሰጠው ኮድ ሲገባ የራሱን ብቻ ያያል፤ ለማንም ክፍት የሆነው የስብሰባው ቀንና የለቅሶ ማስታወቂያው ነው። የለቅሶ ማስታወቂያውንም ቤተሰብ ሳይፈቅድ አናወጣም።

ለሚያሠለጥኑት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለተማሪው ለአንድ ሳምንት ትንሽ ማሽን ስጡት። ፈተናው ድረ ገጹን በአስተማሪው ላፕቶፕ ላይ መክፈት አይሁን፤ ከክፍሉ ውጭ በቆመ ሰው ስልክ፣ በሞባይል ዳታ መክፈት ይሁን። በማግስቱ ጠዋት የመግቢያ መዝገቡን አብራችሁ አንብቡለት፣ ሌሊት ማን ሲያንኳኳ እንዳደረ ይየው። የትኞቹን በሮች ለማን እንደከፈተ፣ ለምን እንደከፈተ በቃሉ ያስረዳ። ያኔ ሰርተፍኬቱን ስጡት። እናንተም ጋዜጠኞቹ ስለ ኮደሮች ስትጽፉ ልጆቹን ስንት መተግበሪያ እንደሠሩ ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰው የከፈተው ስንቱን እንደሆነ ጠይቁልን።

የድረ ገጻችንን አድራሻ እዚህ ያልጻፍኩት ረስቼ እንዳይመስላችሁ። ገንዘብ ያዣችንን ጠይቄ «ለምኑ?» ብለውኝ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሳሪስ አንባቢያችሁ